ዝናብ ያስገባቸው አንባቢዎች

*ይድረስ ለእትዬ፦ በአንዲት ወረዳ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተመድቤ መሥራት ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬ ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ወንበር አይገኝም፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሞሉታል። ፈተናው ሲያልቅ አዳራሹ ወና ይሆናል። ዘንድሮ አለቃዬ «ሐምሌና ነሐሴ ማንም ስለማይመጣ ዕቃ እናስቀምጥበት፣ መስከረም ላይ ትከፍቺዋለሽ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ታሪክ፣ አገልግሎቱንና የክረምት ዕቅዱን በሁለት ገጽ ጽፈሽ አምጪ ብለውኛል። ታሪኩን የሚነግረኝ ሰው የለም፣ ፋይልም የለም። ክረምት ላይ የሚመጡት ዝናብ ሲጥል ለመጠለል የሚገቡ ትንንሽ ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ወለሉን ጭቃ ስለሚያደርጉትና ስለሚንጫጩ ዘበኛው ያስወጣቸዋል። ለልጆች የሚሆኑ መጻሕፍት አሉን፤ እንዳይጠፉ በቁም ሳጥን ተቆልፈው በደህና ተቀምጠዋል። እንደ አዲስ አበባው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ያለ ሕንፃ የለን፣ ኮምፒውተር የለን፣ በጀት የለን። ምን ላድርግ? — ቁልፍ ያዥዋ*

ውድ ቁልፍ ያዥዋ፣

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አለቃሽ ልጽፍልሽ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ «በደህና ተቀምጠዋል» የምትለው ላይ ተተክሎ ቀረ። ክረምት ማንም አይመጣም ትያለሽ። ወዲያው ደግሞ ዝናብ ሲጥል ልጆች ይመጣሉ ትያለሽ። ልጆቹን ዘበኛው ያስወጣቸዋል። ለእነሱ የተጻፉት መጻሕፍት ደግሞ እዚያው ከቆሙበት ጥቂት እርምጃ ርቀው ተቆልፎባቸዋል። እስቲ አንቺው ራስሽ አራቱን አንድ ላይ አድርገሽ አንብቢያቸው። አዳራሹን ወና ያደረገው ክረምቱ ነው ወይስ ቁልፉ?

አልፈርድብሽም፤ እኔም ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። በወሎ በኩል ባለች አንዲት ደጋ ከተማ ሥራ ስጀምር የተረከብኩት ባለ ሁለት ተካፋች ቁም ሳጥን ነው። ርክክቡ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ እየተጠራ ፈረምኩ። የንብረት ሠራተኛው ሲወጣ «እህቴ፣ አንዲት ብትጎድል ከደመወዝሽ ናት» አለኝ። ደመወዜ ምን ያህል እንደነበረች እኔና እግዜር እናውቃለን። ሁለት ክረምት ሳልከፍተው አለፈ። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ቆጣሪ ኮሚቴ መጣና ከፈትን። መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ እርጥብ ጆንያ የሚሸተው ዓይነት። ቁም ሳጥኑ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለነበር እርጥበቱ በጀርባው ገብቶ የታችኛው ረድፍ እንዳለ ተጣብቋል። አንዱን የተረት መጽሐፍ ልገልጠው ስሞክር ሥዕል ላይ ያለው ጅብ ግማሽ ፊቱን በግራው ገጽ፣ ግማሹን በቀኙ ትቶ ተላቀቀ። ጥግ ላይ አይጥ ወልዳለች። ኮሚቴው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረና «ጉድለት የለም» ብሎ ፈረመ። እውነቱን ነው፤ አንድም አልጎደለም።

የድሮ ሰዎች መጽሐፍ የሚጠፋ ነገር መሆኑን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። በብራና የተጻፉትን ብትገልጪ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ታገኚባቸዋለሽ። የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ በሚፈጅበት ዘመን እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል ብለው ነው ያወገዙት። ከሣጥን ለማይወጣ መጽሐፍማ ውግዘቱ ምን ያደርግለታል?

ሥጋትሽ ግን የእውነት ሥጋት ነው፤ በባዶ እጅሽ ክፈቺው አልልሽም። የፋይናንስ ሰዎች ዕቃን ቋሚ ንብረትና አላቂ ዕቃ ብለው ይለያሉ። 40 ገጽ ያላት የተረት መጽሐፍ ከሞተር ብስክሌት እኩል ቋሚ ንብረት ሆና መመዝገቧ ነው ስንቶቻችንን ዘበኛ አድርጎ ያስቀረን። ስለዚህ የልጆቹን መጻሕፍት ዝርዝር አውጪ፤ ርዕሱን፣ ብዛቱን፣ ያለበትን ሁኔታ። ከዝርዝሩ ጋር ማመልከቻ አያይዢ፦ እነዚህ በውሰት የሚወጡ ስለሆኑ በአገልግሎት ያረጁትና የጠፉት በየዓመቱ በኮሚቴ እየታዩ በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ ይሰረዙ በዪ። አዲስ ነገር አልጠየቅሽም፤ እግሩ የተሰበረ ወንበርም የሚወገደው በኮሚቴ ነው። ፊርማው እስኪገኝ ድረስ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይነበቡ፤ ይህንን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ከተፈረመ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሪ።

ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀሽ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብሎኬት አድርጊለት። ፀሐይ ብቅ ባለች ቀን መጻሕፍቱን አውጥተሽ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ ገልጠሽ አቁሚያቸው። ፀሐይ ላይ አታስጪያቸው፤ ሽፋናቸው እንደ ቋንጣ ይጠማዘዛል።

ለልጅ ስታውሺ መታወቂያ አምጣ ማለት አትምጣ ማለት ነው። ዋስ፣ ማስያዣ፣ ፎቶግራፍ፣ እነዚህን ሁሉ ሞክሬአቸው ሁሉም ልጁን ሳይሆን የእናቱን ድህነት ነው የሚፈትኑት። በትንሽ ከተማ «የማን ልጅ ነሽ?» ከመታወቂያ ይበልጣል። አንድ ባለ 100 ገጽ ደብተር ያዢ፦ የልጁ ስም ከነአባቱ፣ ሰፈሩ፣ ክፍሉ፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የወጣበት ቀን። አንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ መመለሻው የሚቀጥለው የገበያ ቀን ይሁን፤ ልጁ ቢረሳ እናቱ ወደ ገበያ ስትወጣ ይዛው ትመጣለች። የእኛ ከተማ እናቶች «ኧረ ይቺን የመንግሥት ዕቃ መልስ» እያሉ ሲያባርሯቸው በመስኮት አይቻለሁ። ዝናቡን ደግሞ በማዳበሪያ ትከላከይዋለሽ፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደሽ ከባዶ ማዳበሪያ ጆንያ በመጽሐፍ ልክ ቦርሳ አሰፊ። ውስጡን በደንብ አሳጥቢው እንጂ መጽሐፉ ዩሪያ ዩሪያ ይሸታል።

ወደ ክረምቱ ልምጣ። ቀኑን የሚያዘው ሰማዩ ነው። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው፣ ዝናቡ ሲወርድ የገዛ ድምፅሽን አትሰሚውም። እኔ ቁም ሳጥኑን በከፈትኩበት በመጀመሪያው ክረምት ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ጮክ ብዬ ተረት ላነብ ተነሥቼ፣ አምስት ደቂቃ አፌን ስከፍትና ስዘጋ ልጆቹ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። ስለዚህ ድምፅ የሚፈልገውን ሁሉ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አድርጊው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ልጁ በራሱ ያንብብ፣ ይሣል፣ ይገልብጥ። በዝናብ ድምፅ ውስጥ ብቻውን ማንበብ ራሱ አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የቆርቆሮው ጩኸት ከዘበኛ የተሻለ ጸጥታ ያስከብራል።

ነሐሴ ሲገባ ሰዓቱን ቀይሪ። ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ቅዳሴ ቆመው ከቀትር በኋላ ነው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት። ሙስሊሞቹ ደግሞ ጠዋት ቁርአን ቤት ይኖርባቸዋል፤ ወላጆቻቸውን ጠይቂ። ከብት የሚጠብቁት የሚመጡበት ቀን የተለየ ነው፣ ተራ ስላላቸው። የቡሄ ዋዜማ ወንዶቹን አትጠብቂያቸው፣ ሆያ ሆዬ ላይ ናቸው። በማግሥቱ ግን ሲመጡ እስክሪብቶ ስጪና የጨፈሩበትን ግጥም አጽፊያቸው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ግጥማቸው ይለያያል፤ «እንዲህ አይደለም የሚባለው» ብለው ይጣላሉ፣ ይጣሉ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ የሴቶቹ ነው፤ ላስታ ከሆንሽ አሸንድዬ፣ ዋግ ከሆንሽ ሻደይ፣ ራያና ቆቦ ከሆንሽ ሶለል። የጻፉትን በክር ሰፍተሽ፣ ካርቶን ሽፋን አልብሰሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ መደርደሪያ ላይ አቁሚው። በዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ የባህልና የተረት ቁጥር 398 ነው፤ እዚያ ላይ ይግባ። አንዲት ልጅ የራሷ ስም ያለበትን መጽሐፍ ለማየት ሳምንቱን ሙሉ ታናናሾቿን እየጎተተች ስትመላለስ አይቻለሁ።

እንቆቅልሽም አለልሽ። በትናንሽ ወረቀት ላይ ጥያቄውን ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ መልሱ ከመደርደሪያው መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ ይሁን። ያላገኘ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። አንዱ ጎረምሳ ሀገር መስጠት ደብሮት ሙሉ መደርደሪያ አገላብጧል፤ ከተማችንን እንዳይሰጥ።

የክረምት በጎ ፈቃደኞችን ተጠቀሚባቸው። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱት ልጆች ሥራ ይፈልጋሉ፣ ማንበብም ይችላሉ። ጥንቃቄሽ አንድ ነው፤ ዓይንሽን ከነሱ ላይ ካነሣሽ በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይሆናል። ማጠናከሪያ ክፉ ነው አልልም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰጥ። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ «ተቀመጥ፣ ጻፍ፣ ተነሥ» ሲባሉ የከረሙ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ክፍል ከሆነባቸው ዝናቡን ይመርጣሉ። በዚህ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተጨቃጭቄአለሁ፣ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። የንባብ ውድድርና ሽልማትም አልወድም። አንድ ዓመት ብዙ ላነበበ ደርዘን ደብተር ብዬ አስነገርኩ። አሸናፊው ደብተሩን ይዞ ሄደ፣ የተሸነፉት ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ አልመጡም።

አብርሆት የለንም ላልሽው፣ አብርሆት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት እኔም ደስ ብሎኝ አይቻለሁ። ለአንቺ የሚቀርብሽ ምሳሌ ግን ሌላ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባሉ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር። በየቋንቋው የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ተደርድሮ የአማርኛ ግን አጡ። እሳቸው ራሳቸው ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ያለ መጽሐፍ መጀመሪያ የያዙት በ19 ዓመታቸው ነበር። አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ የከፈቱት በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት ነው። ቆየት ብለው ደግሞ ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ሄዱ። አንቺ ቢያንስ አህያ መግዛት አይጠበቅብሽም፤ ልጆቹን ዝናቡ ራሱ እየነዳ በርሽ ላይ ያደርስልሻል።

ታሪኩን ጻፊ መባልሽን እንደ ቅጣት አትቁጠሪው። ፋይል የለም ብለሻል። መጻሕፍቱ ራሳቸው ፋይል ናቸው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን አሮጌዎች አውርደሽ የመጀመሪያውን ገጽ ማኅተም ተመልከቺ። «ኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ» የሚል ካገኘሽ ደርግ ዘመን ነሽ። «ኢሕዲሪ» (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ካለ ማኅተሙ የተቀረጸው ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። አውራጃ የሚል ይኖራል፣ ቀበሌ የሚል ይኖራል፣ ከተማሽ ዛሬ በማትጠራበት ስም የተጠራችበትም ሊኖር ይችላል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ፊደል የቆጠረው ሰው እንዳይረሳው በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤት ይከፈት ነበር፤ የስንት ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ዘር ቢቆጠር እዚያ ይደርሳል። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያሳተማቸው፣ ሞስኮ ታትመው በአማርኛ የመጡ ቀያይ ሽፋን ያላቸው ከተደረደሩልሽ የእናንተም ከዚያ ወገን መሆኑን ጠርጥሪ። ቀጥሎ የሚመጣው ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በካርቶን የተረዳ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚያስተምር መጽሐፍ የሌለው የወረዳ ቤተ መጻሕፍት አላየሁም። እያንዳንዱን ንብርብር በአንድ አንቀጽ ጻፊው፣ ሁለት ገጽሽ ሞላ።

በገጾቹ መካከል የምታገኚውንም አትጣይ። የፈተና መግቢያ ወረቀት፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ፎቶ። እኔ በአንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ያልተላከ የፍቅር ደብዳቤ አግኝቼ አንብቤ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ስም ስለነበረበት ለማንም አልተናገርኩም፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ሰው የለም ላልሽው ደግሞ፣ ዘበኛው ስንት ዓመት ሠራ? አለቆች ይቀያየራሉ፣ እኛም እንዛወራለን፤ በሩ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። የድሮው ቤት የት እንደነበረ፣ መደርደሪያውን የሠራው አናጢ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ጎርፍ እንደገባ እሱ ያውቃል። ቡና አፍልተሽ ጠይቂው፣ እየሰማሽ ጻፊ። ልጆቹን የሚያስወጣው ጨካኝ ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ ወለሉን የሚያጸዳው እሱ ስለሆነ ነው። በር ላይ ሁለት ጆንያ አንጥፊ፣ ቦቲና ላስቲክ ጫማ ውጭ በረድፍ ይቀመጥ፣ የረድፉ አዛዥ እሱ ይሁን። የእኛው ዘበኛ ጫማ ሲያስደረድር ሰንብቶ፣ አንድ ጠዋት እኔ የማነበውን የጦጣ ተረት ከበር ላይ ሆኖ «ኧረ እንዲህ አይደለም!» ብሎ አቋረጠኝ። ገብቶ እስከ መጨረሻው ተረተው። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ የእሱ ተራ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይልቅ ለእሱ ነበር የሚሞላው።

አዋቂዎችንም አትርሺ፣ ብዙ ልፋት ግን አይፈልጉም። ጋዜጣ ስትቀበዪ የሥራ ማስታወቂያውንና የጨረታውን ገጽ በሩ አጠገብ ለጥፊው፤ ማመልከቻ የሚጽፍበት ጠረጴዛና እስክሪብቶ ይኑር። ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ የገባውን አትቆጪው፣ ሶኬቱን ከመደርደሪያው አጠገብ አድርጊለት።

አለቃሽን በተመለከተ አትከራከሪያቸው። አዳራሹ ለዕቃ ማስቀመጫ ይሁን የሚለው ትእዛዝ በደብዳቤ ይድረሰኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከዚህ እስከዚህ ቀን ዝግ መሆኑም በበሩ ላይ እንዲለጠፍ ፊርማና ማኅተም ይኑረው በያቸው፤ በትሕትና፣ ፈገግ ብለሽ። በቃል ያዘዘ ሁሉ በጽሑፍ አያዝም። እሳቸው እስኪያስቡበት ድረስ ከሐምሌ 1 ጀምሮ በር ላይ የሚገባውን ሰው ሁሉ መዝግቢ፣ ዝናብ ሸሽቶ የገባውንም። ያንን ገጽ ከታሪኩ ሁለት ገጽ ጋር አያይዘሽ ስጪያቸው። የክረምት ዕቅድ ያሉሽም እሱው ነው፤ የሠራሽውን ጽፈሽ ከላዩ «ዕቅድ» በዪው፣ ቢሮ የቆየ ሰው ይህን ያውቃል።

መስከረም ላይ ደግሞ ስንት መጽሐፍ እንደጠፋብሽ ጻፊልኝ። እኔ ቁም ሳጥኑን በከፈትኩበት በመጀመሪያው ክረምት 11 ጠፍተውብኛል። ሁለቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሱ፤ አንዱ ገጾቹ በሊጥ ተለጥፈው፣ ሽፋኑ በማዳበሪያ ተለብዶ፣ ከውስጥ በኩል የአራት ልጆች ስም በአራት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎበት ነበር።

እትዬ